ሳይሰነጥቁ ማወቅ

ይድረስ ለእታለም፣ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም መጋዜም አልዶለዶምንም።

ባለፈው አንድ ልጅ እግር ሐኪም ደሜን ቀድቶ፣ ውጤቱን ከዕድሜዬ ጋር አስልቶ፣ «ጋሼ፣ ጉበትዎ ስብ ይዟል፤ ጠባሳም ሳይጀምረው አልቀረም» አይለኝም!

«መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም! ደግሞስ ሳትከፍተኝ ውስጤን በምን አወቅኸው?» ብዬ ጮኽሁበት።

«እርስዎስ ምስጥ የበላውን ጣውላ ሳይሰነጥቁ በምን ያውቃሉ?»

«አንኳኩቼ ነዋ!»

«እኔም አንኳኳሁ» ብሎኝ እርፍ። ነገረኛ! በወሩ መጨረሻ ለድጋሚ ምርመራ ና ብሎኛል፤ ቁም ሳጥን ጀምሬያለሁ፣ አልሄድም።

በነገራችን ላይ፣ አባባን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ፤ ዓይናቸው ቢጫ የሆነው ሆዳቸው ከማበጡ በፊት ነው በኋላ? እንዲያው ጨዋታ ለማንሳት ያህል ነው። ብቻ መልስሽ ከወሩ መጨረሻ በፊት ይድረሰኝ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ።

ምስጥ የማይደፍረው አናጢ ወንድምሽ