የንግሥቲቱ ግራ ጉንጭ

መስከረም 8
የንግሥቲቱን ቀሚስ ለካሁ። ወገቡ ጠበበኝ... ልብስ ሰፊዋ፣ "ንግሥቲቱም እኮ ቀጭን አልነበሩም፣ እትዬ" አለችኝና ተሳሳቅን።

ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ስሠራ ጠንቋይ፣ ለማኝ፣ እብድ። ሌላ ምን ይሰጠኛል? በልጅነቴ የፈላ ዘይት ተደፍቶብኝ ግራ ጉንጬ ከነአንገቴ ጠባሳ ነው። አሁን ለቴሌቪዥን ድራማ ግራ ጉንጯ በቤተ መንግሥት ቃጠሎ የተጎዳ ንግሥት ተገኘች! ዳይሬክተሩ፣ "ታሪክ አናዛባም፤ ፊትሽ የሷ ፊት ነው" አለ። ቤት ስገባ እህቴ፣ "ግርማዊት ሆይ፣ ሳህኑን ማን ይጠበው?" አለችኝ። ደስ ብሎኝ አጠብኩት።

መስከረም 19
የፈረሱ ሰልፍ ተቀረጸ፤ ከሩቅ፣ በግራ በኩሌ። ሜዳው በሰውና በፈረስ ሞልቶ። መቀመጫዬ ተልጧል። ግን እንዴት ያለ ቀን ነበር!

መስከረም 24
አባረሩኝ።

ፕሮዲውሰሩ፣ "ተመልካች በየሳምንቱ ይሄን..." ብሎ አቆመ። ይሄን ምን? ጨርሰዋ! ዳይሬክተሩ ስልኩን ይጎረጉራል። ከሩቅ የተቀረጸውን ይጠቀሙበታል፤ ከቅርብ ግን ሌላ ልጅ ነች። ያቺ ማስታወቂያ ላይ የምትሠራ አሻንጉሊት። ጠባሳው ይለጠፍላታል። "ታሪኩ አይዛባም" ይለኛል ደግሞ! ንግሥቲቱ ዙፋን ላይ የወጣችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፣ አንተ ዓይን አውጣ።

መስከረም 27
ይባስ ብለው... ሜካፕ ሠሪው ጠባሳዬን አይቶ እንዲሠራላት መጥተሽ ተቀመጪ አሉኝ። እህቴ፣ "እግርሽን እንዳታነሺ!" አለች። ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? እንጃ። በምን ዓይናቸው እንደሚያዩኝ ልይ ብዬ።

መስታወት ፊት አስቀመጡኝ። አሻንጉሊቷ ከጎኔ፣ ወደ እሱ ዞራ። ሰውዬው አንዴ እንኳ ቀጥ ብሎ አላየኝም። አፍሮ ይሁን ፈርቶ... ብቻ መስታወቱ ውስጥ እያየኝ በሙጫ ይለጥፍላታል። ሲጨርስ አየኋት። መስታወቱ አሳስቶት ጠባሳዬ በቀኝ ጉንጯ!

"ወንድሜ፣ የኔ በግራ ነው" አልኩት።

ፕሮዲውሰሩ ከበሩ ላይ፣ "ማን ያስተውላል? ቅር ስላለሽ ነው" አለ። ደሜ ፈላ። የራሳችሁ ጉዳይ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 2
ማንም አልደወለም። ቤት ውስጥ እህቴ ላይ ጮህኩባት። እሷ ምን አደረገች?

ጥቅምት 11
ዳይሬክተሩ ደወለ። ዛሬ "እርስዎ" አለኝ! ምስሉን ሲያገጣጥሙት ንግሥቲቱ ፈረስ ላይ በግራ ተቃጥላ፣ ዙፋን ላይ በቀኝ። ሰልፉ አይደገምም፤ የዙፋኑ ይደገማል። ታዲያ በግራ ለጥፉላታ! "ሙጫው ፊቷን አሳበጠው፣ ከእንግዲህ አይነካም፤ እባክዎ ይመለሱልን..."

እሰይ ልል አፌን ስከፍት ልጅቷ ስልኩን ተቀበለችው። እያለቀሰች።

"እትዬ፣ የእርስዎም እንዲህ ያቃጥል ነበር?"

ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ማን አባቱ ጠይቂ አላት! ንዴቴን ወሰደችብኝ።

"አይዞሽ እናቴ፣ ያንቺ ይለቃል" አልኳት።

ዳይሬክተሩ ስልኩን ሲቀበላት ግን ንዴቴ ተመለሰ። "እመጣለሁ። የድራማው ማስታወቂያ ላይም የሚወጣው የኔ ፎቶ ነው። ከቅርብ።" አልኩት። "እሺ" አለ።

ጥቅምት 15
ሜካፕ ሠሪው ፓውደሩን ይዞ አሁንም ወደ መስታወቱ ዞረ። ወንበሬን አዞርኩበት።

"ወደዚህ! እኔን እየኝ!"

ቀና አለ። ጠባሳዬን አየ። ፓውደሩን አስቀመጠ።

"ለካ በግራ ነው" አለ።

"ነግሬህ ነበር እኮ!" አልኩት። ከዚያ ዙፋኑ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።