በሩን ወደ መንገድ ለሚከፍቱት ለባላምባራስ ወርቅአገኘሁ

ለአገራችን ሹምና ዳኛ፣ ለድኃ መጠጊያ፣ ለጽዋ ወንድሜ ለባላምባራስ ወርቅአገኘሁ ይድረስ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ትከሻዎ፣ ከሁሉ በላይ ያ በር የሚከፍቱበት ቀኝ እግርዎ ደህና ሰንብቷልን? እኔ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ከቀኝ ጉልበቴ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ከእርስዎ በር ጋር ከተዋወቀ ወዲህ ከታጠፈ አይዘረጋም፣ ከተዘረጋ አይታጠፍም።

ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ብልክልዎ ወግ ነበር። ነገር ግን የተፈረደብኝ በአደባባይ ስለ ሆነ ምስጋናዬም በአደባባይ ቢሆን ይሻላል ብዬ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም እንዲነበብ አደራ ሰጥቻለሁ። መንግሥት ወደ እንጦጦ ከተሻገረ ወዲህ በአንኮበር አቤት የምልበት ሌላ ጆሮ ስለ ጠፋ፣ በእርስዎ ላይ ያለኝን አቤቱታ ለእርስዎው ለራስዎ አቀርባለሁ። የምፈልገው አንዲት ቃል ናት። በማኅሌት ላይ የነበረኝ ቦታ በዚያች ቃል ተንጠልጥሏል።

ነገሩን ለማያውቅ ምእመን ላስረዳ። በጽጌ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ማኅሌት ልቆም በበቅሎዬ ስሄድ በአጥርዎ ሥር አልፍ ነበር። የአገሩ በር ሁሉ እንግዳን ግባ ሲል ወደ ውስጥ ይከፈታል። የእርስዎ ግቢ ግን ከሰበሰቡት እህል ብዛት የተነሣ በሩን ወደ ውስጥ መክፈቻ ቦታ ስላጣ፣ አስነቅለው ወደ መንገድ እንዲከፈት አድርገው አስተከሉት። ያን ዕለት በአንድ እጅዎ ብርሌ፣ በሌላው ኩታዎን ይዘው ነበርና በሩን በእግርዎ በረገዱት። ሳንቃው ጉልበቴን ከበቅሎዋ ጎን ጋር አጣበቀው፣ በቅሎዋ ደነበረች፣ እኔ ወደቅሁ፣ የብርሌው ጠጅ በነጠላዬ ላይ ተደፋ።

ከዚህ ቀጥሎ ስላደረጉት ነገር ምስጋናዬ ሽሙጥ የለበትም። ራሴን ጭንዎ ላይ አስደግፈው «ዘርአዬ፣ ወንድሜን ገደልሁት፣ ሳላይ የከፈትሁት እኔ ነኝ» እያሉ አለቀሱ። እንባዎ ፊቴ ላይ ወድቋል። ያን ጊዜ ሕመሙ እንኳ ቀለል ብሎኝ ነበር።

እንዲህ እያለን የአሊዩ አምባው ነጋዴ ኡመር አብዱሬ ጨው ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ደረሰ። በአገራችን ደንብ በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛ ዳኛ ነውና፣ በሕግ አምላክ ዳኘኝ አልሁት። እሱም ጭነቱን አቁሞ የነጠላዬን ጫፍ ከኩታዎ ጫፍ ጋር ቋጠረና፣ ችሎት ሳትቀርቡ እንዳትፈቱት ብሎ አዘዘን። እርስዎ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «እንደ ሌባ ታስሬ ሕዝብ ይየኝ? በተክለ ሃይማኖት ጽዋ ይዤሃለሁ፣ ፍታኝ፣ ቃሌን አላጥፍም» አሉኝ። አንድ ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን፤ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እርስዎ ነዎት። አፈርሁልዎ። ኡመር «ኧረ ተዉ መሪጌታ፣ ዋስዎ እኮ ይህ ቋጠሮ ነው» እያለ ሲለምነኝ፣ መሬት ላይ እንደ ተጋደምሁ በገዛ እጄ ፈታሁት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለው ተረት እስከዚያ ቀን ድረስ ለፈረስ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ የዋሉልኝን ውለታ በተራ ላመስግን።

አንደኛ፤ ተከሳሽ በራሱ ነገር አይፈርድም ብለው፣ ለችሎቱ ጧት ወንበርዎን ለአማችዎ ለአቶ ኃይለ ገብርኤል ስላበደሩ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌላ አገር አልተሰማም። ፍርዱ እንዳለቀም ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ተረክበዋል።

ሁለተኛ፤ አማችዎ ስላፈለቁት ጥበብ። በር በቦታው የሚኖር ነው፣ ተንቀሳቃሽዋ በቅሎ ናት፣ ስለዚህ ሰው በርን ይመታል እንጂ በር ሰውን አይመታም ተባለ። ከአጥሩ ራቅ ብሎ መሄድ ይገባው ነበርም ተባለ። ከአጥርዎ ማዶ ያለው ገደል ነው! ትንሽ ፈቀቅ ብል ኖሮ በቅሎም መንገድም ሳያስፈልገኝ አሊዩ አምባ ገበያ እገኝ ነበር። ለበቅሎዬ ቃጭል ባለማሰሬም ተወቅሻለሁ። ይሁን፤ ከእንግዲህ በደጅዎ የሚያልፍ ሁሉ እያቃጨለ ይለፍ። በር ከፋቹን ግን ቀና ብለህ እይ ማለት ለሹም ክብር አይመችም።

ሦስተኛ፤ ሰክሮ ነበር ስላሰኙኝ። ምስክር ሆና የቀረበችው ነጠላዬ ናት፤ ጠጅ ጠጅ ትሸታለች ተብላ በችሎቱ ሁሉ አፍንጫ ሥር ዞረች። ትሸታለች እንጂ! የእርስዎ ጠጅ ነዋ! እኔ የጽጌን ጾም ይዤ፣ ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም ነበር። የእምዬን ወደ አብዬ ይሏል ይኸው ነው።

ምስኪኑ ኡመር ገበያውን ትቶ ሊመሰክርልኝ መጥቶ ነበር። የቋጠርኋቸው እኔ ነኝ፣ የባላምባራስንም ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ወላሂ ብሎ ቢምል፣ አማችዎ ቋጠሮው የታለ ብለው ጠየቁት። የለም። ማን ፈታው? መሪጌታ። «እውነት ያለው ሰው ባላጋራውን አይፈታም፤ የፈታው ጥፋቱን ስላወቀ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔም ወደ እርስዎ ዞር ብዬ አየሁ። ስንተኛው ምስጋና ላይ እንደ ደረስሁ ጠፋኝ፣ ይህ ግን ከሁሉ ያመኛል። ያለቀሱት ሰው፣ በጽዋ የያዙኝ ሰው፣ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ይበቃኝ ነበር። እርስዎ ግን አንገትዎን ደፍተው የኩታዎን ጥለት ይደባብሱ ነበር።

በእውነቴ ተማምኜ በሙግቱ መሐል በቅሎዬን ተወራርጄ ነበርና እርስዋም ወደ ግቢዎ ገባች። ያ በር ለእርስዋ ቀስ ተብሎ እንደ ተከፈተላት ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በደብራችን ደንብ ያለ ጥፋቱ የተጎዳ ካህን ድኖ እስኪነሣ ቦታው ይጠበቅለታል፣ ሰክሮ የወደቀ ግን ከማኅሌት ይወጣል። አለቃችን ገብረኪዳን ፍርዱን ሰምተው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ መቋሚያዬን ተቀበሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የቆምሁባት ቦታ ባዶ ናት። ወጌሻው ለልደት ትቆማለህ ብሎኛል፤ የት እንደምቆም ግን እሱም አያውቅም። ማኅሌቱ ሲቆም እኔ ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጬ በከንፈሬ እከተላለሁ፤ የሚያልፍ ሰው ለማኝ መስዬው ቁራሽ ይጥልልኛል። ባለቤቴ ወይዘሮ አልታየች «ሆድ ይፍጀው» ትለኛለች። ሆዴ እምቢ አለ።

ስለዚህ ካሳ አልጠይቅዎትም። በቅሎዋንም ይጋልቡባት፣ ጥሩ ሰጋር ናት። እሑድ ይህ ተነብቦ ሲያልቅ ግን ከቆሙበት ሳይነቃነቁ፣ «በሩን ሳላይ የከፈትሁት እኔ ነኝ፣ ጠጁም የኔ ነው» ይበሉልኝ። ያን ቀን መንገድ ላይ ማንም ሳይጠይቅዎ ያሉትን ነው። መቋሚያዬ በዚያው ሰዓት ትመለሳለች።

በደጅዎ ሲያልፍ የወደቀ፣ ከወደቀበትም ገና ያልተነሣ፣ ቸርነትዎን እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳ፣ የጽዋ ወንድምዎ፣ የልጁን የክርስትና አባት በዓይኑ የሚፈልግ፣ የቀድሞው መሪጌታ ዘርአ ዳዊት፤ በአንኮበር፣ በጥቅምት መጨረሻ ተጻፈ።

ካተምሁት በኋላ ትዝ ያለኝ፤ አልታየች ያችን ነጠላ ልታጥብ ወደ ወንዝ ስትወስዳት ከለከልኋት። ያን ቀን የፈታሁትን ጫፍ ለብቻው መልሼ ቋጥሬዋለሁ። ስሞት በእርስዋ እንዲገንዙኝ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። እሑድ ዝም ካሉ፣ ኩታዎን ለብሰው እስኪመጡ እዚያው በሰማዩ ዳኛ ችሎት እጠብቅዎታለሁ። የዚያን ጊዜ በየትኛውም ጽዋ ቢይዙኝ አልፈታዎትም፤ እዚያ ደግሞ ወንበር ለአማች ማበደር የለም።