ቦክሰኛ አክዌቴ ላርያ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ገላው እንዲለካ ስለመጠየቅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.
የጠዋት ቆጠራ፦ ከጀልባ የተረከብኩት ዓሣ አሥራ አንድ ቅርጫት። ጭስ ላይ የዋለ ዘጠኝ። ተሰባብሮ ለዶሮ መኖ የተለየ አንድ። ለቤት የቀረ አንድ።

ለባሕር ጠረፍ ሰፈሮች የቦክስ ግጥሚያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ
አክራ

ጉዳዩ፦ የቦክሰኞች የክብደት ምድብ በሚዛን ብቻ ሳይሆን በገላቸው ስብ፣ ሥጋና ውኃ ልክ እንዲወሰን፣ በተለይም አክዌቴ ላርያ ለኅዳሩ ግጥሚያ ከመፈረሙ በፊት እንዲለካ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሾርሜ ኦዳርቴይ የቡኮም ሰፈር ነዋሪ ስሆን ዓሣ አጭሼ በመሸጥ እተዳደራለሁ። ከላይ የጠዋቱን ቆጠራ ማስፈሬ ቢሮዎን በመናቅ አይደለም። ለብዙ ዓመት የዕለት ማስታወሻ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከመጋቢት ወር ወዲህ ደግሞ እጄ የሚታዘዘኝ በዚህ ስጀምር ብቻ ነው።

ጊዜዎን ላለማጥፋት የምፈልገውን አስቀድሜ እናገራለሁ። የእኅቴ ልጅ አክዌቴ ላርያ ኅዳር 4 ቀን ሊጋጠም በጽሕፈት ቤትዎ ተመዝግቧል። የተመደበው እስከ ሃምሳ ሦስት ኪሎ ተኩል ባለው ምድብ ነው። ልጁ ዛሬ ሃምሳ ሰባት ኪሎ ነው። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሃምሳ ሰባቱ ኪሎ ውስጡ ምን እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱ እንዲያስለካልኝ፣ ውጤቱም ካልፈቀደ ወደዚያ ምድብ እንዳይወርድ በጽሑፍ እንዲታዘዝልኝ እጠይቃለሁ። ምክንያቴን በተራ አቀርባለሁ።

1. አክዌቴ መንታ ነበር። ቀድሞት የተወለደው ኦኮ ይባላል። እናታቸው፣ ታናሽ እኅቴ፣ ገና ሲድሁ ስለሞተች ሁለቱንም ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ ለመንታ የሚደረግ ሁሉ እኩል እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ለአንዱ ጫማ ሲገዛ ለሌላውም ይገዛል፤ አንዱ ሲገረፍ ሌላው ቆሞ አይስቅም። ሁለቱም ወደ ቦክስ ቤት ሲገቡ አሠልጣኛቸው አታ ላንቴ አንድ ቀን አከታትሎ ሚዛን ላይ አወጣቸው። ሁለቱም ሃምሳ ሰባት ሆኑ። «አየሽ ሾርሜ፣ ሚዛኑም መንታ መሆናቸውን ያውቃል» አለኝ። እኔም ስቄ ነበር። የእርስዎ ጽሕፈት ቤትም ለሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምድብ ፈቃድ ሰጣቸው።

2. ገላቸው ግን አንድ አልነበረም። ኦኮ ከልጅነቱ ጀምሮ የመረብ ገመድ ሲጎትት ያደገ ነው፤ ቆዳው ሥር ገመድ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። አክዌቴ ከእኔ ጋር ገበያ ይውል ስለነበር የበቆሎ ሊጥ ኬንኬውን በዓሣና በርበሬ እየበላ የተመቸው ልጅ ነበር። የቦክስ ቤት ጓደኞቹ «ቅቤው» ይሉት ነበር። «ቅቤው፣ ዛሬ ፀሐይ ላይ አትቁም፣ ትቀልጥብናለህ» ይሉታል። እሱም «ስቀልጥ በእጅህ አፍሰህ ተቀባኝ፣ ፊትህ ያምርልሃል» ይላቸዋል። አክዌቴ ሦስት ጊዜ ወደ ሃምሳ ሦስት ተኩል ወርዶ ተጋጥሟል። በሁለት ወር ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የሚያወርደው ስብ ነበረው።

3. ኦኮ መጀመሪያ ወደዚያ ምድብ እንዲወርድ የተደረገው ባለፈው መጋቢት ነው። የሚያወርደው ስብ እንደሌለው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሚዛኑ ከወንድሙ እኩል ነው፤ ወንድሙ ወርዶለታል፤ ስለዚህ ይወርድለታል ተባለ። ከሚዛኑ ቀን በፊት ባለው ሳምንት መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሹራብ በታች ላስቲክ ለብሶ ገመድ ሲዘል ዋለ። ማስቲካ እያኘከ ምራቁን ቆርቆሮ ውስጥ ይተፋ ነበር። ምግብ ላደርስለት ሄጄ በጆሮዬ የሰማሁትን ልጽፍ።

አታ ላንቴ፣ «መንታህ ሦስቴ ያወረደውን አንተ ምን ሆነህ ነው የምታቃስተው? አንድ ማህፀን አይደለም እንዴ ያወጣችሁ?» አለው።

ኦኮ፣ «አታ፣ ምራቄ አልቋል» አለ።

«እንግዲያ የወንድምህን ተበደር።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ኦኮም ሳቀ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሲስቅ ደማ።

4. ዓርብ መጋቢት 10 ቀን ጠዋት በጽሕፈት ቤትዎ ሚዛን ላይ ወጣ። ከተፈቀደለት ልክ ትንሽ ዝቅ አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። የዓሣ መረቅ ይዤለት ሄጄ ነበር፤ ሁለቴ ተጎንጭቶ «ይቆየኝ» ብሎ መለሰልኝ። ከቀትር በኋላ እግሬን ጨመደደኝ አለ። አክዌቴ እግሩን እያሸው ሳለ ኦኮ ራሱን ሳተ። እሑድ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሆስፒታሉ በሰጠን ወረቀት ላይ የገላው ውኃ ከልክ በላይ ስላለቀ ኩላሊቱና ልቡ ሥራ እንዳቆሙ ተጽፏል። ዓሣ ጭስ ቤት ገብቶ ሲወጣ የሚቀለው ውኃው ስለሚሄድ መሆኑን በገበያው ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ኦኮን እንዲህ ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

5. ጽሕፈት ቤትዎ በሚያዝያ ወር የላከልን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ቦክሰኛው በደንቡ መሠረት ሚዛኑን አሟልቷል። ግጥሚያው ስላልተካሄደ ጉዳዩ ጽሕፈት ቤቱን የሚመለከት ሆኖ አልተገኘም።» ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ውሸት የለበትም። ሚዛኑን አሟልቷል።

አሠልጣኙን ልከስ አልመጣሁም። አታ ላንቴ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁም። ባለፈው ሳምንት ደጄ መጥቶ ቆሞ የነገረኝ ይህ ነው፦ «ሾርሜ፣ እኔ ብቻዬን ልጆቼን አላወርድም ብል ሌላው አሠልጣኝ ትልቁን ልጅ አድርቆ አምጥቶ ከእኔ ትንሽ ልጅ ጋር ያጋጥመዋል። ይደበድብብኛል። ለሁሉም ከላይ ይታዘዝ፤ ያኔ መጀመሪያ የምታዘዝ እኔ ነኝ።» ይህን ለክቡርነትዎ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

6. አሁን ወደ አክዌቴ ልመለስ። ከወንድሙ ቀብር በኋላ ገበያ መዋል ተወ። በመረብ ገመዱ ላይ የኦኮን ቦታ ያዘ። ጠዋት ይጎትታል፣ ከቀትር በኋላ ቦክስ ቤት ይገባል፣ ማታ ያቀረብኩለትን ግማሹን ይተዋል። ቅቤው የሚለው የለም አሁን። ከኋላው ሳየው ስሙን ከመጥራቴ በፊት ትንሽ እቆያለሁ።

ሚዛኑ ግን አልተነቃነቀም። ስብ ሄዶ በምትኩ ሥጋ ስለገባ ሃምሳ ሰባት የነበረው ሃምሳ ሰባት ነው። የጽሕፈት ቤትዎን መዝገብ ሹም አቶ ቦርቴይን ባለፈው ረቡዕ አነጋግሬያቸው ነበር። በትሕትና አስተናገዱኝ።

«እማማ፣ ልጁ ስንት ይመዝናል?»

«ሃምሳ ሰባት።»

«ዓምናስ?»

«ሃምሳ ሰባት።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ? ዓምና ወርዶለታል፣ ዘንድሮም ይወርድለታል። ይልቅ ደኅና አድርገው ይመግቡት።»

መልስ ፍለጋ ሐሙስ ዕለት አክዌቴን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ሄድኩ።

7. እዚያ የሚያስተምሩት ዶክተር ሴፋኮር ናቸው የተቀበሉን። ቆዳን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ውፍረቱን በመቆንጠጫ መሣሪያ ለኩ፤ ከጀርባ፣ ከክንድ፣ ከሆድ፣ ከጭን። አክዌቴ ሲቆነጠጥ፣ «ዶክተር፣ ዶሮ እየመረጡ ነው እንዴ?» አላቸው።

«ዶሮ ብትሆንማ ትቼህ ወደ ሌላው ቅርጫት እሄድ ነበር። የሚያዝ ነገር የለህም።»

ከመጋቢት ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ዶክተሯ ሒሳቡን ሠርተው ወደ እኔ ዞሩና እንዲህ አሉኝ፦ «እናቴ፣ ከሃምሳ ሰባቱ ኪሎ ውስጥ ስቡ አራት ኪሎ ገደማ ነው። ያም ቢሆን ልብና አንጀት የሚፈልጉት ነው፤ ተሟጦ አያልቅም። ሦስት ኪሎ ተኩል ይቀንስ የሚሉት ከየት እንዲመጣ ነው? ሥጋው በሦስት ሳምንት እንዲህ አይወርድም። የሚቀረው ውኃው ነው።» ውጤቱን ፈርመው ሰጥተውኛል፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ከጠየቃቸው የሌሎቹንም ቦክሰኞች ያለ ክፍያ እንደሚለኩ ነግረውኛል። መሣሪያው በእጅ ቦርሳ የሚገባ ነው። በሚዛኑ ቀን ደግሞ የሽንት ምርመራ ብቻውን ገላው መድረቁን እንደሚያሳይ ገልጸውልኛል።

8. ክቡርነትዎ፣ «ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ራሱ ይተወው» ሊሉኝ ይችላሉ። እኔም ብዬዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ስንመለስ ተሳፍረን ሳለ ነው የተነጋገርነው። ወደ መስኮቱ እያየ ነበር የመለሰልኝ።

«አክስቴ፣ ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ወንድሙ ሞተና ፈራ ይላሉ። ኦኮ ያሟላውን ሚዛን ማሟላት አቃተው ይላሉ።»

«ይበሉ።»

«አንቺ ገበያ ላይ ነው የምትሰሚው። እኔ ቦክስ ቤት ውስጥ ነው።» ቀጥሎም፣ «ቢሮው አትችልም ቢለኝ ሌላ ነገር ነው። ቢሮ ካለ ማንም ምንም አይልም። አንቺ ስላልሽ ግን አልተውም» አለኝ።

እኔ ነገር የምመዝን ሰው ነኝና ይህን አባባሉን መዘንኩት። እምቢ ማለቱ አይደለም። በር ትቶልኛል፤ በሩ ያለው ግን በእርስዎ ቢሮ ነው። ስለዚህ ይህን አቤቱታ የምጽፈው ልጁ ሳያውቅ ነው። የአክስቱ ልመና ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ደንብ ሆኖ እንዲደርሰው እሻለሁ።

ስለሆነም፦

ሀ. አክዌቴ ላርያ ጽሕፈት ቤቱ በመረጠው ባለሙያ ገላው እንዲለካ፣ የተያያዘው ውጤት ትክክል ሆኖ ከተገኘ ከሃምሳ ሰባት ኪሎ በታች እንዳይጋጠም፤ በሃምሳ ሰባቱ ምድብ ተጋጣሚ ካልተገኘም ግጥሚያው እንዲተላለፍ፤

ለ. ይህ ትእዛዝ ለእርሱ ብቻ ቢሆን ልጁን ለሰፈሩ አፍ መስጠት ስለሚሆን፣ ፈቃድ ያለው ሁሉ ዓመቱ ሲገባ እንዲለካና ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛ ክብደት በፈቃዱ ላይ እንዲጻፍ፤

ሐ. የኦኮ ላርያ ጉዳይ በተዘጋበት ደብዳቤ ላይ «ሚዛኑን አሟልቷል» ከሚለው ቀጥሎ «የቀነሰው የገላውን ውኃ ነበር» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር።

ሦስተኛውን ክቡርነትዎ ለማድረግ ቢቸገሩ ወደ ኋላ ልተወው እችላለሁ። ሁለተኛውም የቦርድ ስብሰባ የሚጠይቅ ከሆነ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው አይጠብቅም። ለካሣ የጠየቅኩት ነገር የለም፤ አልጠይቅምም።

ሰዎች ሲያጽናኑኝ አንድ ቀርቶልሻል ይሉኛል። ደግ አስበው ነው። እኔ ግን ሁለት ሳህን አውጥቼ አንዱን መመለስ ገና አልተውኩም፤ አክዌቴ ያያል። ይህ ለቢሮ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ወረቀቱ ስለተረፈ ነው።

ክቡርነትዎ ይህን እስከዚህ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ሾርሜ ኦዳርቴይ
(ፊርማ)
የተጨሰ ዓሣ ነጋዴ፣ ቡኮም

አባሪ፦ የዩኒቨርሲቲው የገላ ልኬት ውጤት፣ አንድ ገጽ፤ የሆስፒታሉ ወረቀት ቅጂ፣ አንድ ገጽ

ለራሴ፦ ነገ ማክሰኞ፣ እንደ ልማዳችን ጀልባ ባሕር አይገባም። ልክ ሁለት ሰዓት፣ ቢሮው ሲከፈት፣ ይህን ለሥራ አስኪያጁ በእጅ መስጠት፤ ለመዝገብ ሹሙ አለመተው። አክዌቴ ውሉን ሊፈርም የሚመጣው በአራት ሰዓት ነው።