የመሰንቆውን ጭራ የበላው አይጥ

ይኸነው፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ። በሩን ቆልፈህ ውጣ፤ ባለፈው ክፍቱን ትተኸው የጎረቤት ዶሮ አልጋዬ ላይ እንቁላል ጥላ ሄደች።

ትናንት የመሰንቆህን ጭራ ማን በጠሰው ስትለኝ አይጥ ነው አልኩህ። አይጥ አይደለም። እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ልነግርህ አፌ እምቢ አለኝ፤ የመሠረተ ትምህርት ፊደሌን እንደምንም አንብበው።

ያን አዲስ ነገር ኮምፒውተርህ ላይ የጫንክ ቀን ጠርተኸኝ፣ «እማማ፣ ክራሩም ከበሮውም መሰንቆውም እዚህ ውስጥ ገቡ ማለት ነው» አልከኝ። ጣትህን ስትጫን ክራር ሳይኖር ክራር ሲመታ በጆሮዬ ሰማሁ። እንግዲያ ግድግዳው ላይ የቀረው ባዶ እንጨት ነው ብዬ፣ ጭራውን ፈትቼ የተቀደደ ወንፊቴን ጠገንኩበት።

ለካ መሰንቆው ገና አልገባም! ትናንት ማይክሮፎን ተውሰህ የመጣኸው ድምፁን ልትቀዳ ኖሯል። «አባቴ ከመሞታቸው በፊት ራሳቸው የወጠሩት ነው፣ ሌላ እጅ ሳይነካው ልቅዳው» ስትል፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ አይጥ እረግማለሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

አንተም ብትሆን ያልገባውን «ገባ ማለት ነው» ከምትል፣ አልገባም ብትለኝ ምን ነበረበት?

ዘንገና፣ ወንድሜ ቤት ሄጃለሁ። ከፈረሱ ጭራ ይዤልህ እመለሳለሁ። የአባትህን እንደማይሆን አውቃለሁ፤ አትንገረኝ።

ወንፊቱ ሳጥኔ ላይ ነው። ጥቁር ጥቁሩ ጭራ የአባትህ ነው። ቆራርጬዋለሁ።

ዱቄት ግን አልነፋሁበትም።

እናትነሽ