ጋብቻዬን በሁለት መቶ ሃያ ስምንት ዶላር ስለመተመንዎ

ለክቡር የግብር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ጤና፣ ለስልክ መስመርዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ባለፈው ማርች ተራዬ እስኪደርስ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ክላሪኔት አስደምጦኛልና ውለታው አለብኝ።

ብሪጂት ኖቫክ እባላለሁ። እዚህ ኢሪ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት በብድር ስለሆነ ባለፈው ዓመት ብቻ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ወለድ ከፍያለሁ። የተማሪ ብድር ወለድ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነሳል ሲባል ሰምቼ፣ ይህ ቸርነትዎ ለእነማን እንደተዘጋጀ ልጠይቅ ደወልኩ። ጉንፋን የያዛት የምትመስል ትሑት ሠራተኛዎ ብድሩ በስሜ መሆኑን፣ በማንም ጥገኝነት አለመመዝገቤን፣ ገቢዬም ከተወሰነው በታች መሆኑን አንድ በአንድ ጠይቃኝ ሁሉንም አለፍኩ። ከዚያ ማግባቴን ጠየቀችኝ። ከባለቤቴ ጋር በአንድ ቅጽ ሳይሆን ገቢያችንን ለየብቻ እንደምናሳውቅ ስነግራት «እንደዛ ከሆነማ አይፈቀድልዎትም፣ እመቤቴ። አብራችሁ ብትፈርሙ እኮ ያልቃል» አለችኝ።

ስለዚህ ቅን ምክር እጅ ነስቼ፣ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ባለቤቴ ዱዌይን የቤት ጣራ ሠሪ ነው። ባለፈው ዓመት ጁን ላይ በረዶ የከተማውን ጣራ ሲበሳሳው ሥራ ጎረፈለት። ሠርቶ በጨረሰበት ቤት ደጃፍ ሁሉ ስሙና ስልኩ ያለበት ትንሽ ቢጫ ታፔላ ይተከላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞርኩ የተከልኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ነበሩ። ዱዌይን አዘጋጅቶ ያመጣልኝ የጋራ ቅጽ ላይ ግን የተሠራው ጣራ አሥራ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ሃያው የቤት ባለቤቶቹ በጥሬ ገንዘብ የከፈሉባቸው መሆናቸውን ለመረዳት ነርስ መሆን አያስፈልግም።

፪. የጋራ ቅጽ ላይ የፈረመ ሰው የትዳር ጓደኛውን ቁጥር እውነት ነው ብሎ እንደማለ እንደሚቆጠር መመሪያዎ በግልጽ ይናገራል። የነርስነት ፈቃዴ ደግሞ በሐሰት የፈረመን ሰው አይታገስም። እንግዲህ ክቡርነትዎ ያዘጋጁልኝ ዕድል፣ ፈቃዱን ላገኝበት ለተበደርኩት ብድር የወለድ ቅናሽ እንዳገኝ ፈቃዱን ራሱን እንዳስይዝ ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ ከየት እንደሚመነጭ ባውቅ ደስ ባለኝ!

፫. ኤፕሪል አሥራ ሁለት ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ዱዌይን የጭነት መኪናውን ከመኪናዬ ኋላ አቁሞ መውጫ አሳጣኝ፤ ከዚያም ቅጹንና እስክሪብቶውን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ፈርሚና እንገላገል» አለኝ። «ያንቺም ወለድ ይቀነሳል፣ ሁለት መቶ ምናምን ዶላር እኮ ነው። ፊርማ ነው የጠየቅኩሽ እንጂ ኩላሊት አይደለም!»

«ሃያዎቹን ጻፋቸውና እፈርማለሁ» አልኩት።

«ሚስቴ ነሽ ወይስ መርማሪዬ? ሳትፈርሚ ከዚህች ቤት ንቅንቅ አትይም።»

ዘጠኝ ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው ፈራሁት። ደግ ሰው ነበር፤ ሳቁን እወድለት ነበር፤ በዚያ ጠዋት ግን ከበሩና ከእጁ የትኛው እንደሚቀርበኝ እየለካሁ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና ትምህርት ቤት ድረስ አምስት ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄድኩ። በዚያው ቀን ገቢዬን ብቻዬን አሳወቅሁ፣ ቅናሹም ቀረብኝ። እሱ በራሱ ቅጽ ስንት ጣራ እንደጻፈ የእርስዎና የእሱ ጉዳይ ነው።

፬. አራተኛ ቅሬታ የለኝም። አራት ለአቤቱታ ደግ ቁጥር ስለመሰለኝ ነው።

የቀረብኝ ገንዘብ፣ ከመኝታ ቤቱ መብራት ሥር ቁጭ ብዬ በአሥራ ሁለት በመቶ ግብሬ እንዳሰላሁት፣ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ዶላር ነው። ትዳሬ ስንት እንደሚያወጣ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ዋጋውን ከነሳንቲሙ ስላስታወቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በሁሉም መስፈርት ያለፈችና በአንዱ ባል የወደቀች፣ ለክቡርነትዎ ታዛዥ ግብር ከፋይ፣
ብሪጂት ኖቫክ

ማስታወሻ፦ ፍቺያችን ዲሴምበር ሃያ ዘጠኝ ይጸድቃል። የጠበቃዬ ጸሐፊ አዝናልኝ «ምነው አዲስ ዓመቱ እንኳ ቢያልፍ?» አለችኝ፤ እኔ ግን መመሪያዎን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ትዳር የሌለው ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደሌለው ይቆጠራል። ስለዚህ የዘንድሮው ወለዴ ይቀነስልኛል። «ያላገባች» በሚለው ሳጥን ውስጥ የማደርገው ምልክት ከመስመሩ ከወጣ ግን፣ እባክዎ ስሕተት ነው ብለው ቅጹን አይመልሱብኝ።