የአካፋ ቆጠራ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና ከተማ

ዛሬ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ፤ ቀዩ አፈር ከጥፍሬ ሥር አልወጣም።

ለመንገዱ ገረጋንቲ የምናወጣበት ጉድጓድ ረፋዱ ላይ ተናደ። የትናንቱ ዝናብ አርሶት ነበር። "ውጡ!" ብዬ ጮኽኩ፤ ሠራተኞቹ እየዘለሉ ወጡ። እንደ ልማዴ አካፋ ቆጠርኩ። ካቦ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን ሰዎቹን አንድ፣ ሁለት ብዬ ስጀምር ሽማግሌው ኤርጃቦ እጄን ያዘኝ። "ሰው አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው አካፋ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ አካፋ። ዛሬም አሥራ አራቱ ሙሉ ነበሩ። ተመስገን ብዬ ሲጋራ ለኮስኩ።

ሲጋራው ሳያልቅ የሎምባሞ ሚስት ምሳውን ይዛ መጣች። ዙሪያውን አየች። ከዚያ እጀታው ላይ ጨርቅ የጠመጠመችለትን አካፋ አነሣች።

"ካቦ፣ አካፋው ይኸው። ሰውዬውስ?"

ለካ ሎምባሞ በዶማ ሊቆፍር ሲወርድ አካፋውን አፋፉ ላይ ትቶት ኖሯል። የተናደውን አፈር በእጃችን ጫርን። ትንፋሹ ሳይቋረጥ ደረስንለት፤ በቃሬዛ ክሊኒክ ወሰዱት። እግሩን እንጃ።

ኤርጃቦን "ከነገ ጀምሮ ሰው እቆጥራለሁ" አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

"ስማቸውን እየጠራህ ብታወጣቸውስ? ማን ቁጠር አለህ?"

አሁን ስማቸውን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ከአሥራ አራቱ ስድስተኛው ስም ላይ ቆሜአለሁ።