ልብስ ሰፊ ያደረገኝ ዓረፍተ ነገር

ቅዳሜ፣ ግንቦት 4፣ 1999

እኛን ድሃ ልጆቹን የሚያስተምረን የእርዳታ ፕሮጀክት ዋልን። መዝሙር፣ የበቆሎ ንፍሮ፣ እንግሊዝኛ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚረዱን ፈረንጆች ሶዶ ይመጣሉ፤ ምን መሆን እንደምንፈልግ እንነግራቸዋለን። ልጁ ሁሉ "አይ ዋንት ዶክተር" ሲል ቲቸር ኤርሳዶ የራሱን ሁለት ጆሮ ያዘ።

"ይሄ የለማኝ ነው! 'አይ ሃቭ ኦልዌይስ ዋንትድ ቱ ቢ' በሉ። ከድሮ ጀምሮ ስትመኙት የኖራችሁት ይመስላል። ፈረንጅ የሚያምነው እሱን ነው።"

ከሁሉ ቀድሜ ያዝኩት። ሌሎቹ ትኩስ የቦዬ ሥር ቅቅል የጎረሱ ይመስላሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 6

ሙያ ታደልን... እንደ ዘይት! አምና ሁሉም ሐኪም ሲል እንግዶቹ ሳቁ አሉ። ዘንድሮ ይቀላቀል ተባለ። ሐኪም ለቃለሕይወት ደረሰ። ጓደኛዬ ናት፤ ግን ደም ስታይ የምትወድቅ ሐኪም? ፈገግታዋ አምሮላት ነው። ለእኔ ልብስ ሰፊ።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ የእውነት ሐኪም ነው የምፈልገው።"

"ለአንድ ቀን ነው። ምን ይጎድልብሻል?"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 18

መጡ። የእኔዋ ረጂ ወፈር ያለች፣ ደግ ፊት ያላት ሴትዮ። ሆን ብዬ ለመሳሳት አስቤ ነበር። ግን ቃለሕይወት ከእኔ በፊት ወጥታ ተንተባተበች፣ ለእሷም ተጨበጨበ... አላስቻለኝም። ልብስ ሰፊ መሆን ከድሮ ጀምሮ ምኞቴ እንደሆነ ጥርት አድርጌ ተናገርኩ። ሴትዮዋ አቅፋኝ አለቀሰች። ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

የልብስ ስፌት መኪና መጣልኝ። ሴትዮዋ ናት የላከችው። ክረምቱን ሥልጠና፣ ከዚያ ሥራ። ፕሮጀክቱ ከእንግዲህ አያስተምረኝም፤ ቦታዬ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ሚኒስትሪ ዘጠና አራት አምጥቼ!

ቲቸር ጋ ሮጥኩ። "እርስዎ እንዳሉኝ ነው ያልኩት። ይንገሩልኝ።"

"ፈረንጅ ፊት ውሸታም ልታደርጊኝ ነው? ደግሞስ ካንቺ በላይ ማን አሳምሮ ተናገረው?"

እማ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘጠነኛ ክፍልስ? ብላት "ዘጠነኛ ያበላል እንዴ? ጌታ ሰጠን፣ ዝም በይ" አለችኝ። የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል። የአፍስ?

እጠላቸዋለሁ። ሁሉንም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ጣቴን መርፌ ወጋኝ። ሌላ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 3

ቃለሕይወት የዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርሟን እንድሰፋላት ማክሰኞ ጨርቅ አምጥታ ነበር። "ከገበያ ሰፊ አንቺ ትሻይኛለሽ" ብላ። ደረቷን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን ለካሁ። እሷ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት ታወራለች... ባዮሎጂ ላቦራቶሪ አለው አሉ።

አሳምሬ ሰፋሁት። ኮሌታው ልክ፣ ቁልፉ ልክ። ብብቱን ብቻ በአሮጌ ክር፣ አራርቄ።

ዛሬ መጥታ ለበሰችው። ወዲያ ወዲህ ዞረች።

"እንዴት ነው፣ ተመቸሽ?"

"በጣም! እጅሽ ይባረክ።"

ስማኝ ሄደች። ክፍል ውስጥ እጅ ካላወጣች ምንም አትሆንም።